ከ«እሺ» በስተኋላ

በአማርኛ ቋንቋ ውስጥ የ«እሺ»ን ያህል ብዙ ሸክም የተጫነባት አጭር ቃል ማግኘት ያስቸግራል። አባት ሲመክር ልጅ «እሺ» ይላል፤ ዳኛ ሲያዝ ባለጉዳይ «እሺ» ይላል፤ አበዳሪ ሲቆጣ ተበዳሪ «እሺ» ይላል። ቃሊቱ «ተስማምቻለሁ» ማለት ትሆናለች፤ «ሰምቻለሁ» ብቻ ማለትም ትሆናለች፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «ክብርዎን አልነካም፤ የማደርገውን ግን እኔ ዐውቃለሁ» ማለት ናት። በቤትና በገበያ ሰሚው ከድምፁ ቅላጼና ከዓይኑ አኳኋን ትርጉሟን ለይቶ ያውቃል። በሐኪም ክፍል ውስጥ ግን ለዚህ ጊዜ የሚሰጣት እምብዛም ነው።

አንዲት ስልሳ ዓመት ያለፋቸው እናት በአንዲት የገጠር ከተማ ሆስፒታል የስኳር ሕመም ክትትል ነበራቸው። ወሩ ዐቢይ ጾም ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ከካርድ ክፍሉ ደጅ የተሰለፉት ሴት፣ ከሐኪሙ ፊት የደረሱት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰውም አይደለም፤ ግን የካርዱ ቁልል ከጠረጴዛው ላይ እንደ ግድግዳ ቆሞበታል።

«ስኳርዎ ጨምሯል። መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ ጌታዬ።»

«ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ጋር?»

«እሺ።»

ተውኔት የሚያዘጋጅ ሰው ልምምዱን እዚህ ላይ ባስቆመ ነበር። የቀረበላቸው ጥያቄ ነው፤ እርሳቸው የመለሱት ግን ለትእዛዝ የሚመለሰውን ነው። ሐኪሙ ይህን አላስተዋለም። እናቲቱ «የዚህ የጾሙ ነገር…» ብለው ሲጀምሩ ብዕሩ በወረቀቱ ላይ መሮጥ ጀምሮ ነበር። «መድኃኒቱን ጨምሬልዎታለሁ» አላቸው። «እሺ» ብለው ወጡ።

ነገሩ የአንድ ሐኪም ወይም የአንድ አገር ጉድለት አይደለም። በ1984 (እ.ኤ.አ.) ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ በሐኪሞችና በታካሚዎች መካከል የተደረገ የተቀረጸ ንግግር መርምረው ነበር። ታካሚው ችግሩን መናገር ከጀመረ በኋላ ሐኪሙ ጣልቃ የሚገባው በአማካይ በ18 ሴኮንድ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ከተቋረጡትም መካከል ወደ ጀመሩት ነገር ተመልሰው የጨረሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

በኢትዮጵያ በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ይጨመራል። ሕክምናው የሚሰጠው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ካርዱም የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ታካሚው ግን ሕመሙን ያሳደገው በእናቱ ቋንቋ ነው። «ልቤን ያመኛል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እጁን የሚያሳርፈው ከደረቱ አጥንት ሥር፣ ከጨጓራው ላይ ነው። «ኩላሊቴን» የሚለውም ወገቡን ይዞ ነው። «ምች መታኝ» ያለ ሰው ደግሞ ስለ ትኩሳቱ ብቻ አይናገርም፤ የሕመሙን መንሥኤ፣ ፀሐዩንና ሽታውን፣ ሊታሽበት የሚገባውን ዳማከሴ ጭምር በአንዲት ቃል ተናግሮ ጨርሷል። ሐኪሙም ከዚሁ ኅብረተሰብ የወጣ ነውና እነዚህን ቃላት ከልጅነቱ ያውቃቸዋል። ነጩን ጋዋን ሲለብስ ግን ከውጭ የሚያስቀራቸው ይመስላል፤ «ልብ» ብሎ ሰምቶ የልብ ምርመራ ያዝዛል።

ወደ እናቲቱ እንመለስ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እርሳቸውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ካፋቸው አያስገቡም ነበር። ክኒን ደግሞ ያለ ውኃ አይዋጥም፤ ስለዚህ የጠዋቱን ትተው የማታውን ብቻ ይወስዱ ነበር። ስኳሩ የጨመረው መድኃኒቱ ስላነሰ ሳይሆን ግማሹ ስላልተዋጠ ነው። ከፋሲካ በኋላ ጾሙ ሲፈታ፣ የተጨመረውን መድኃኒት ጠዋትም ማታም በታማኝነት መውሰድ ጀመሩ። በሁለተኛው ሳምንት ረፋድ ላይ ላብ አሰመጣቸው፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ «ልቤን አጥወለወለኝ» ብለው ከምድጃው አጠገብ ወደቁ። ጎረቤቶች ተሸክመው አደረሷቸው። በደም ሥራቸው ግሉኮስ ተሰጥቷቸው ዓይናቸውን ገለጡ።

ማታ ተረኛዋ ነርስ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ስለ መድኃኒቱ አልጠየቀቻቸውም።

«እማማ፣ ሁዳዴን እንዴት አለፉት?»

እናቲቱ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ነርሷም ዝም አለች። ዝምታው ረዘም ያለ ነበር፤ እርሷ ግን አልሞላችውም።

«ለአንቺ ልንገርሽ ልጄ» አሉ በመጨረሻ፤ «የጠዋቱን አልወሰድሁትም።»

«ለዶክተሩ ለምን አልነገሩትም?»

«ልነግረው ጀምሬ ነበር፤ ጊዜ የለውም። ደግሞስ የተማረ ሰው አይደል? ጾምሽን ፍቺ ቢለኝ፣ እምቢ ልለው ነው?»

ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚቀልለት፣ የንስሐ አባታቸውም ሊፈቅዱላቸው እንደሚችሉ እናቲቱ አጥተውት አይደለም። የሚያውቁትን ለማንሣት ግን አንድ ሰው ሊጠይቃቸው ይገባ ነበር።

ነርሷ በማግሥቱ ለሐኪሙ ነገረችው። ፊቱ ደም መሰለ። ካርዱን አገላብጦ የራሱን ጽሕፈት ለረዥም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገብቶ ወንበር ስቦ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠና «እስቲ እናቴ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለ።

እናቲቱ የጀመሩት ከስኳሩ አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ከሞላው ከባለቤታቸው ሞት ነበር። ከውጭ በአግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ሠላሳ ያህል ሰው ተራውን ይጠብቃል።