ደብረ ወርቅ፦ ከቆላ የመጣ ትኩሳት

ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ደብረ ወርቅ ስደርስ ጋቢዬን ደረብኩ፤ ደጋ ነው። የማርያምን ደጅ ስሜ ወንድሜ ቤት ገባሁ። ልጁ ለሥራ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ከተመለሰ ጀምሮ ያተኩሰዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል። «ተመርምሯል እኮ እትዬ፤ ወባ የለበትም ተባለ» አለችኝ እናቱ።

ጡረታ ብወጣም ነርስነቴ አልተኛም። ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራው ፈጣን መመርመሪያ ተሕዋሱን ራሱን አያይም። ፋልሲፓረም የተባለውን ወባ የሚለየው ተሕዋሱ ወደ ደም በሚለቀው አንድ ፕሮቲን ነው። አንዳንዱ ተሕዋስ ግን ፕሮቲኑን የሚያሠራው ዘረመል ይጎድለዋል። ጎደሎው በመመርመሪያው አይታይም፤ ያልታየው አይታከምም፤ ያልታከመውን ትንኝ ወደ ሌላ ሰው ታሻግረዋለች። የሚታየው በመድኃኒት ሲሞት የማይታየው ይበዛል። ዝግመተ ለውጥ የሚባለው ይኸው ነው፤ መራጩ የእኛው መመርመሪያ ሆነ። በአገራችን ይህ እየሆነ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

ልጁን ማይክሮስኮፕ ወዳለበት ወሰድነው። ደሙ መስታወት ላይ ተቀብቶ ሲታይ ወባ ተገኘ፤ የሦስት ቀን መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ። መመርመሪያው በሌላ ምክንያትም ሊስት ይችላል፤ ተሕዋሱ ደም ውስጥ ጥቂት ሲሆን ለምሳሌ።

ስለዚህ ወላጆችና አያቶች፣ ልጃችሁ ቆላ ውሎ መጥቶ ቢያተኩሰው፣ «የለበትም» ተብሎም ትኩሳቱ ካልለቀቀው፣ ዕለቱን ተመለሱ። ቆላ መውረዱን ለባለሙያው ንገሩ፤ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይም ጠይቁ።