ግራ ክንዱ

የኃይሌ ገብረ ሥላሴ አድናቂዎች የመጨረሻ ዙር ፍጥነቱን ያወሳሉ። እኔ የምወድለት ግራ ክንዱን ነው። ቀኙ እንደማንኛውም ሯጭ ሲወዛወዝ ግራው ታጥፎ ጎኑን ይጠጋል፤ አሰላ አጠገብ ባደገበት ገጠር 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ሲደርስ ደብተሩን ይይዝበት የነበረ ክንድ ነውና።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ መስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ፍኖተ ሰላም ከአንድ ሻይ ቤት በር ላይ ተንጠራርቼ የሲድኒውን የ10,000 ሜትር ፍጻሜ አየሁ። ፖል ቴርጋት ቀድሞ አፈተለከ፤ ኃይሌ ተከተለው፤ መስመሩ ላይ በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። ሰዉ በእልልታ ሲናወጥ እኔ ዝም አልሁ። እህቴን አስታወሰኝ። ከመንደራችን ወደ ትምህርት ቤት ስንመላለስ እርሷም ደብተሮቿን በግራዋ አቅፋ ሮጣ ትቀድመኝ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሳትደርስ ተዳረች።

ያን ሩጫ ዛሬም ደግሜ ሳየው፣ ደብተሩን ሳያስጥሉት የደረሰ ተማሪ ይታየኛል።

የእህቴ የመጨረሻ ልጅ አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት። ደብተሯን የምትይዘው በግራዋ ነው።