ጀውሃ ላይ ያየሁት ጉልበት

ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጋቢዬን ደርቤ ነበር። ደብረ ሲናን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጨርስ ጋቢው ከጭኔ ወርዶ ከመቀመጫው ሥር ገባ፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ የሚኒባሱ መስኮት ሁሉ ተከፍቷል። የይፋት ቆላ እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ከብርድ ወደ ወበቅ ያወርዳል።

ጀውሃ ከሸዋ ሮቢት ቀጥላ በደሴ መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ የወንዟም ስም ነው። ወንዙ በበጋ አሸዋውን አስጥቶ ይተኛል። በዙሪያው ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ይዘራል። ወጣት ነርስ ሳለሁ በዚህ ቆላ ሠርቻለሁ። ያኔ ሥራችን ወባ ነበር፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር በረንዳው ላይ ሳይቀር በሽተኛ ይተኛል። አሁን የሄድኩት በዚያ ጊዜ ጤና ረዳት ሆና አብራኝ የሠራችውን ጓደኛዬን ለመጠየቅ ነው። የ12 ዓመቱ የልጅ ልጄ የአርሰናል ማሊያውን ለብሶ ተከትሎኛል።

ወደ ማታ ፀሐዩ በረድ ሲል ልጆች በወንዙ ዳር ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። የጓደኛዬ የልጅ ልጅ፣ 16 ዓመቱ ነው፣ ብቻውን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቀኝ ጉልበቱ በጨርቅ ተጠምጥሟል። በማግስቱ ሸዋ ሮቢት ላይ የታዳጊዎች ምርጫ አለ።

«ሲስተር፣ ለነገ ብቻ አንድ መርፌ ቢወጉኝ?» አለኝ።

ጨርቁን ፈታሁት። ከአራት ቀን በፊት ማንም ሳይነካው እየሮጠ ሲዞር ጉልበቱ «ጷ» ብሎ ወዲያው አበጠ። ወጌሻ ሁለት ቀን አሽተውታል። ወጌሻን አልንቅም፤ ለወለቀ ክንድ ብልሃት ያላቸው አሉ፤ እንዲህ ያበጠ ጉልበት ግን መታሸት የለበትም። ጉልበቱን አጥፌ ቅልጥሙን ወደ ፊት ሳብ ሳደርገው ከግራው ይልቅ ተንሸራተተ። ይህ የመስቀለኛው ጅማት ምልክት ነው።

ለምን መርፌ እንደማልወጋ ለመናገር የሰው ታሪክ መጥራት ነበረብኝ። እኛ ቤት አርሰናል ሲሸነፍ እራት አይበላም፤ ስለዚህ ጌዲዮን ዘላለምን ገና ልጅ ሳለ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልንገራችሁ። በ1997 በርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ፤ በሄርታ በርሊን ታዳጊዎች ተጫወተ፤ ቤተሰቡ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ሲሄድ ኳሱን እዚያ ቀጠለ። በ2013 በ16 ዓመቱ አርሰናል ወሰደው። በጃንዋሪ 2014፣ 17 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በኤፍኤ ካፕ ኮቨንትሪ ላይ ተቀይሮ ገባ። አርሴን ቬንገር ክለቡን ከያዙ በኋላ ከተወለዱት ውስጥ ለአርሰናል የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው። ያን ቀን ቤታችን እልል ተብሏል። በዚያው ዓመት ማብቂያ በቻምፒየንስ ሊግ ጋላታሳራይ ላይ ገባ፤ በውሰትም ስኮትላንድ ሄዶ ሬንጀርስ ወደ ዋናው ሊግ ሲያድግ አብሮ ነበር።

በሜይ 2017 ደቡብ ኮሪያ ላይ፣ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ሲጫወት፣ ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ኢኳዶር ላይ ያው መስቀለኛ ጅማት ተበጠሰ። 20 ዓመቱ ነበር። በ2019 ወደ ካንሳስ ሲቲ ሄደ፤ በኋላም ለኒውዮርክ ሲቲ ተጫወተ። በአርሰናል ማሊያ ግን አንድም የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ አልተሰለፈም።

«እሱ እኮ ሐኪም ነበረው» አለ ልጁ።

መልስ አጣሁ። ትክክል ነው። ለዚያኛው ቀዶ ሕክምናው፣ የወራት ልምምዱ፣ ጊዜው ሁሉ ተዘጋጅቶለታል። ለዚህኛው ያለው ጨርቅ ነው።

ከዚያ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገርኩት። ከ30 ዓመት በፊት እንደ እሱ የለመነኝ አንድ ልጅ ነበር። አሳዘነኝና የሕመም ማስታገሻ ወጋሁት። ተጫወተ፤ ጎልም አገባ። ሕመሙ ሲጠፋ ጉልበቱ የዳነ መስሎት ነበር። ከዚያ በኋላ ሳየው ሁልጊዜ ያነክሳል፤ ሰላምታውን ግን አንድም ቀን አልነፈገኝም። እሱ ነው የሚከብደኝ።

ወላጆች፣ ይህን ልብ በሉ፦ ራጅ አጥንት እንጂ ጅማት በደንብ አያሳይም። «ራጁ ደህና ነው» ተብላችሁ ልጁ «ጉልበቴ ይከዳኛል» ካለ እመኑት፤ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይዛችሁት ሂዱ። እስከዚያው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ ከፍ አድርጎ ማስተኛት፣ ማሳረፍ። ጅማቱ ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ወደ ሜዳ ለመመለስ ዘጠኝ ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ጠዋት ጓደኞቹን የጫነው ባጃጅ በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ አልወጣም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። አያቱ ቡና አፈላች፤ ሦስተኛውን እስክንጠጣ ማንም ስለ ኳስ አላነሳም። የልጅ ልጄ እንኳ ማሊያውን ቀይሮ ነበር፤ ማን እንደነገረው እንጃ።

ልንሄድ ስንነሳ ከውስጥ ጠራኝ።

«ሲስተር፣ ለሚመጣው ዓመት እደርሳለሁ?»

«መጀመሪያ እንመርመረው» አልኩት። ለአያቱ ደብረ ብርሃን የምንገናኝበትን ቀን ነገርኳትና ወደ መንገዱ ወጣን።