ቢጫው ገመድ

በጅቡቲ ከተማ በሐምሌ ወር ከቀትር በኋላ መንገዱ ጭር ይላል። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከበረሃው ሲነሣና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሱቁ ይዘጋል፤ ሰውም ጥላና ማራገቢያ ፍለጋ ወደ ቤቱ ይገባል። በእንዲህ ያለው ሰዓት፣ በአንዲት ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ የ13 ዓመት ልጅ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በፕሌይስቴሽን 3 እግር ኳስ ይጫወታል። እናቱ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያዊት ናቸው።

ልጁ አቤቱታ አለው። «እማዬ፣ የማሊያው ቁጥር አይነበብም፤ ኳሱም ደብዛዛ ነው። ቴሌቪዥኑ አርጅቷል፤ ፎር ኬ ይገዛልኝ።»

ገንዘቡ አለ። በቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጠው ግን ለድሬዳዋ ጉዞ ነው። አያቱ የልጅ ልጃቸውን ካዩ 4 ዓመት አልፏል። ቴሌቪዥኑ ከተገዛ ጉዞው ለከርሞ ይቀራል፤ አሮጊት ደግሞ ለከርሞ የሚባል ዋስትና የላቸውም። በሌላ በኩል ሙቀቱ እስኪበርድ ልጁን ቤት የሚያቆየው ይኸው ጨዋታ ነው።

ወይዘሮዋ ከመወሰናቸው በፊት በሰፈሩ የሚያውቁትን የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አስጠሩ። ጠጋኙ ማያውን አላየም፤ ከኋላው ጎንበስ አለ። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጫፍ ያለው ገመድ ተሰክቷል።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ አይደለም» አለ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ የቀረበው ፕሌይስቴሽን 3 ከካርቶኑ የሚወጣው ከዚህ ገመድ ጋር ነበር። ቢጫው ጫፍ የሚያሳልፈው የድሮውን ቴሌቪዥን ምስል፣ ቢበዛ 576 መስመር ብቻ ነው። መሣሪያው ግን በኤችዲኤምአይ ገመድ እስከ 1080 መስመር መላክ ይችላል።

በጅቡቲ እንዲህ ያለ አለመግባባት አዲስ አይደለም። አገሪቱ ከፈረንሳይ የወረሰችው የቴሌቪዥን ስርጭት ሴካም የሚባለው ነበር፤ ለሴካም ብቻ በተሠራ ቴሌቪዥን ላይ የፓል መሣሪያ ሲሰካ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜም ሁለቱም ዕቃዎች ደኅና ነበሩ፤ ያልተስማማው ቋንቋቸው ነው።

ጠጋኙ ከቦርሳው ያገለገለ የኤችዲኤምአይ ገመድ አውጥቶ 1000 ፍራንክ ጠየቀ። መሣሪያው አዲሱን ገመድ እንዲያውቅ የማብሪያውን ቁልፍ ሁለተኛው ድምፅ እስኪሰማ ተጭኖ ያዘ። ከዚያ በቴሌቪዥኑ ማውጫ ጌም ሞድ የሚለውን መረጠ፤ ይህ ቁልፍ በመጫንና ተጫዋቹ በመምታቱ መካከል ያለውን መዘግየት ይቀንሳል።

ስንት መስመር ይመረጥ? ባለ 32 ኢንቹ ቴሌቪዥን 1080 ይቀበላል፤ የራሱ ማያ ግን 1366 በ768 ነጥብ ብቻ ነው። ከፕሌይስቴሽን 3 ጨዋታዎችም ብዙዎቹ የተሠሩት በ720 መስመር ወይም ከዚያ በታች ነው። መሣሪያው ያልተሣለውን ሊያሳይ አይችልም። ፎር ኬ 3840 በ2160 ነጥብ፣ ማለትም ከ8 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ይህን ከማይልክ መሣሪያ ጋር ቢገጠም ያንኑ ምስል ከመለጠጥ አያልፍም።

ርቀትም አለ። በ32 ኢንች ማያ ላይ ጤነኛ ዓይን የ720 መስመርን ነጥቦች መለየት የሚያቆመው ከ2 ሜትር ገደማ ጀምሮ ነው፤ የ1080ን ከ1 ሜትር ከሩብ፣ የፎር ኬን ደግሞ ከ65 ሳንቲ ሜትር ገደማ። አልጋው ከቴሌቪዥኑ 2 ሜትር ተኩል ይርቃል።

ጠጋኙ በ720 ከዚያም በ1080 እያደረገ ልጁን እንዲመርጥ ጠየቀው። ልጁ ዓይኑን አጥብቦ ቆየና «ልዩነቱ አይታየኝም» አለ። 720 ላይ ተወው።

ጨዋታው ሲጀመር የማሊያው ቁጥር ተነበበ። እናትየው ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መለሱ።

«እማዬ፣ አያቴ ቤት ያለው ቴሌቪዥን ስንት መስመር ነው?»

«እሱን ሄደህ ታየዋለህ።»