የእናቴ ፎቶ እና የሰነቴ ቀበሮ

አባቴ ያረፈ ዕለት ማታ፣ ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ፣ አጎቴ "ፎቶውን አምጡ" አለ። ቤት ያለውን አልበም ሁሉ ገለበጥን። አንዱ ላይ ሠርግ ቤት ከሰው ትከሻ ኋላ ግማሽ ፊቱ ይታያል። ሌላው ላይ የልጄን ኬክ ሊቆርስ አጎንብሷል። በመጨረሻ የመታወቂያ ፎቶውን አሳድገን አሳተምን። የመታወቂያ ፎቶ ሲያድግ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። አባቴ ሰው ሲያይ ዓይኑ የሚስቅ ሰው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳኑ ራስጌ ሆኖ ያየን ግን ክስ ሊመሠርት የመጣ የሚመስል ሰው ነው።

እናቴ አሁን 74 ዓመቷ ነው። እሷም ፎቶ አትወድም። ካሜራ ሲጠጋት ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ከንፈሯን ገጠም ታደርጋለች፣ ከዚያ በቃ፣ የመታወቂያ ፎቶ ትሆናለች። ስልክ ይዤ ስጠጋ ደግሞ አፍንጫዋ ከፊቷ ቀድሞ ይወጣል። ይህ የስልኩ ጥፋት አይደለም። ሰፊ የሚያይ ሌንስ ፊትን ለመሙላት በክንድ ርቀት መቅረብን ይጠይቃል፤ በዚያ ርቀት ላይ ለሌንሱ የቀረበው አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ይሸሻል። ራቅ ብሎ በረጅም ሌንስ ያነሳ ሰው ፊትን እንዳለ ያገኘዋል፤ የሚነሳውም ሰው ካሜራውን ይረሳዋል።

ስለዚህ ረጅም ሌንስ፣ ቴሌፎቶ የሚባለውን፣ ማሰብ ጀመርኩ። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሲግማ 150-600 ነበረውና ሊሸጠው ነው። ባለቤቴ ዋጋውን ስትሰማ የሁለቱን ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ በወር በወር አሰላችና "መጀመሪያ ተውሰህ ሞክረው" አለችኝ። እኔ ደግሞ አንድ አሮጌ ካኖን 55-250 ነበረኝ። መሞከሪያው ቦታ ራሱ መጣ። እናቴ የተወለደችው ጎባ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ አላየችውም። ልጆቹም ቀይ ቀበሮ ካላየን ብለው ነበር። በጥር፣ ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት፣ ሁለቱን ሌንሶች ይዘን ወደ ባሌ ወጣን።

ከመውጣታችን በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ ያገለገለ ሌንስ ገዝቼ ነበር። ውጭው አዲስ ይመስላል፤ ቤት ገብቼ በስልክ ባትሪ መብራት ከኋላ ሳበራበት ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ኖሯል። ሱቁ አልመለሰልኝም። ያገለገለ ሌንስ የምትገዙ ከሆነ እዚያው ቆማችሁ መብራት አሳልፉበት፣ ፎከሱን ቅርብና ሩቅ ሞክሩ፣ ማረጋጊያው ሲበራ ምስሉ ረጋ ማለቱን በካሜራው ዓይን እዩ። ካኖን ማረጋጊያውን አይኤስ፣ ኒኮን ቪአር፣ ታምሮን ቪሲ፣ ሲግማ ኦኤስ ይሉታል። ማረጋጊያ የሌለው ረጅም ሌንስ ርካሽ ነው፤ የሚረክሰውም በምክንያት ነው።

በአዳማ፣ በአሰላ በኩል ዲንሾ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአርሲ ስንዴ ታጭዷል። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችው በቆጂ ላይ ሻይ ጠጣን፤ ትንሹ ልጄ መንገዱ ዳር እየሮጠ ሳንባውን ሞከረ። በዶዶላና በአዳባ በኩል እየወጣን አመሻሹ ላይ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ዲንሾ ገባን።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚሁ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቋመ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለው የጥድና የኮሶ ደን ውስጥ የደጋ አጋዘን ከሰው ጋር እንደ ጎረቤት ይኖራል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ግዙፍ እንስሳ ነው፤ የወንዱ ቀንድ ጠምዘዝ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። እኛ የቆምነው ከሃያ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ነው። ባለ 600ውን ሳወጣ ቀንዱ ካሜራው ውስጥ አልገባ አለ። ወደ 150 መልሼ አነሳሁ። ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ብረትና መስታወት ተሸክሜ ያገኘሁት፣ ትልቋ ልጄ 375 ግራም በሚመዝነው ሌንስ ካገኘችው የተለየ አልነበረም።

ጨለማው ሲመጣ ደግሞ ሁለታችንም ተሸነፍን። ሁለቱም ሌንሶች ሲረዝሙ ቀዳዳቸው ጠባብ ነው፤ አንዱ 5.6፣ ሌላው 6.3 ላይ ይቆማል። በደን ውስጥ ምሽት ላይ ያ ማለት ወይ የተንቀጠቀጠ፣ ወይ ጥራጥሬ የበዛበት ፎቶ ነው። ባለሙያዎች 70-200 በ2.8 የሚሉት ለዚህ ሰዓት ነው፤ ከ5.6 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ክብደቱ ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው፤ ዋጋውን ባለቤቴ እንዳትሰማ። ሠርግ የሚያነሳ ሰው ግን እሱን ይግዛ፤ ገንዘቡን ይመልስለታል።

በማግሥቱ በሮቤ በኩል ጎባ ገባን። እናቴ ከመኪናው ወርዳ ትንሽ ዝም አለች። የተወለደችበት ቤት ቦታ ላይ ሌላ ቤት አለ። ሰፈሩን ግን በሽታው አወቀችው፤ "ጥዱ፣ የጥዱ ጭስ" አለች። ደም ብዛት ስላለባት ሐኪሟ ከጎባ በላይ እንዳትወጣ መክሯታል። ስለዚህ እሷን አብሮ አደጓ ቤት ትተን፣ በነጋታው ሌሊት 11 ሰዓት ወደ ሰነቴ አምባ ተነሣን።

መንገዱ በአስታው ቁጥቋጦ መሀል ይወጣና ድንገት ሰማይ ብቻ ይሆናል። ሰነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ነው። ሣሩ ላይ አመዳይ ተኝቷል፤ ጅብራዎቹ እንደ ቆመ ሰው ከጉም ውስጥ ይወጣሉ። ከዳር ደግሞ 4,377 ሜትር የሚረዝመው ቱሉ ዲምቱ አለ። ብርዱ የካሜራ ባትሪ ስለሚጨርስ ትርፉን ደረት ኪስ ውስጥ መያዝ ነው።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ 500 ገደማ ብቻ ነው የቀረው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ይኖራል። የሚበላው አይጥና ፍልፈል ነው፤ እነሱ በቀን ስለሚወጡ እሱም በቀን ያድናል፣ ለፎቶ አንሺ እድል ማለት ይህ ነው። በቡድን ይኖራል፣ ሲያድን ግን ብቻውን ነው። ትልቁ ጠላቱ ከመንደር ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አብሮን የወጣው ስካውት ይህን ሁሉ ከነገረን በኋላ አንድ ትእዛዝ ሰጠ፦ "ከመኪና አትውረዱ፣ አትከተሉትም። ሲፈልግ እሱ ይመጣል።"

መጣ። ፀሐይ እንደ ወጣች ከመንገዱ ሃምሳ ሜትር ላይ፣ ጆሮውን ወደ መሬት አዘንብሎ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ቆመ። እዚህ ላይ ነው የሌንስ ቁጥር ትርጉም የሚኖረው። እንደ እኔ አነስ ያለ ሴንሰር ባለው ካሜራ፣ 250 ሚሊ ሜትር ሌንስ በሃምሳ ሜትር ርቀት ላይ አራት ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ሜዳ ያሳያችኋል። ቀበሮው ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ስለሆነ የፎቶውን አንድ አምስተኛ ይይዛል። በ600 ደግሞ የሚታየው ሜዳ ሁለት ሜትር አይሞላም፤ ቀበሮው ግማሹን ይሞላዋል። የዓይኑን ቀለም ያየሁት በዚያ ሌንስ ነው፤ አልክድም።

ግን በእጅ አይያዝም። ባለቤቴ ሽንብራ የሞላችበት የጨርቅ ከረጢት ነበረን። የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርገን፣ ሞተሩን አጥፍተን፣ ሌንሱን ሽንብራው ላይ አስተኛሁት። ፍጥነቱን ከሰከንድ አንድ ሺህኛ በታች አላወረድኩም። ማረጋጊያ የእጅን መንቀጥቀጥ እንጂ የእንስሳን ሩጫ አያቆምም፤ ቀበሮው ፍልፈሉ ላይ ሲዘል ያቆመው ፍጥነቱ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን መሬቱ ሞቆ አየሩ መርገብገብ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ያነሳኋቸው ሁሉ ከውኃ በታች የተነሱ ይመስላሉ። ያንን የትኛውም ዋጋ ያለው ሌንስ አያስተካክለውም፤ መጠጋት ብቻ ነው መፍትሔው፣ መጠጋት ደግሞ ክልክል ነው። ሻይ ጠጣን።

ልጄ በትንሹ ሌንስ ያነሳችው ፎቶ ላይ ቀበሮው ትንሽ ቀይ ነጥብ ነው፤ ኋላው ጅብራ፣ ጉምና ማለቂያ የሌለው አምባ። ሳሎናችን የተሰቀለው የእሷ ነው። የእኔን ስታዩት ቀበሮውን ታያላችሁ፤ የት እንደቆመ ግን መናገር አለብኝ።

ጎባ ስንመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እናቴ ከአብሮ አደጓ ጋር ግቢው ውስጥ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ትልቁን ሌንስ አውጥቼ ስዞር ገና ከበሩ አየችኝና "ኧረ ልጄ፣ ይሄ መድፍ ምንድነው?" ብላ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። ሌንሱ በ150 ከስድስት ሜትር ሊያነሳት ይችል ነበር። ስፋቱ ግን ፊቴን ሙሉ ጋረደው፤ ያየችው ልጇን ሳይሆን መድፉን ነው። በ600 ብሞክር ደግሞ ፊትና ትከሻዋን ለመያዝ ከሃያ ሜትር በላይ፣ ከአጥሩ ውጭ መቆም ነበረብኝ።

ወደ መኪናው መልሼ 55-250ውን ይዤ መጣሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ቡናዬን ጠጣሁ። አምስት ሜትር ገደማ እንራራቃለን። ካሜራውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ 135 ላይ አቆምኩት። ለረጅም ጊዜ አላነሳሁም። አብሮ አደጓ ስለ አንድ የትምህርት ቤት መምህራቸው አንድ ነገር ስታነሳ እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ ከዚያ እጇ ወረደ፣ ሳቁ ግን ዓይኗ ላይ ቀረ። ያኔ ሦስት ጊዜ አነሳሁ። ከኋላዋ ያለው የጭቃ ግድግዳ ለስልሶ ቡናማ ቀለም ብቻ ሆነ። ራቅ ያለ ግድግዳ ከረጅም ሌንስ ጋር ሲገናኝ እንዲህ ይሆናል፤ ሰውን ወደ ግድግዳ አታስጠጉት።

ሰው ሳያውቅ ከሩቅ መንሣት ነው እያልኩ አይደለም። ዲንሾ ገበያ ላይ ካባ የለበሱ ፈረሰኞች አይቼ መጀመሪያ ወርጄ ሰላምታ ሰጠሁ፣ በስካውቱ በኩል ፈቃድ ጠየቅኩ። አንዱ እንቢ አለ፤ ሌንሴን ዝቅ አደረግኩ። ሌላው ፈረሱን አዙሮ ራሱ ብርሃኑን መረጠልኝ።

አዲስ አበባ ስንገባ ባለ 600ውን ለባልደረባዬ መለስኩለት። ወፍና ቀበሮ ሱሳችሁ ከሆነ ከሱ ያነሰ አትግዙ፤ ይቆጫችኋል። አንድ ብቻ ገዝቶ ሁለቱንም ለሚፈልግና ገንዘቡ ላለው 100-400 ይሻላል፤ በትከሻ ይያዛል፣ ለፊትም ለአጋዘንም ይሆናል። እንደ እኛ ዓመት ቆይቶ አንዴ ተራራ ለሚወጣ፣ በቀረው ጊዜ ግን ልጆች ኳስ ሲጫወቱና ዘመድ ሲስቅ ለሚያነሳ ቤተሰብ፣ ማረጋጊያ ያለው 55-250 ወይም 70-300 ይበቃል። ትልቁን ለጉዞው መዋስ ይቻላል። ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የካሜራችሁን ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ የአንዱ አፍ ለሌላው አይገጥምም።

የእናቴን ፎቶ በትልቁ አሳትሜ እሑድ ወሰድኩላት። መነጽሯን አድርጋ ቆማ አየችው፣ ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ እንደገና አየችው።

"ይቺን ለዚያ ቀን አስቀምጧት" አለች።

ባለቤቴ "እማዬ፣ ምን ዓይነት ንግግር ነው!" ብላ ተቆጣች። እናቴ አልሰማቻትም። ፎቶውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ከአባቴ ጎን አቆመችውና ጫፉን በነጠላዋ ጠረገች።

"ቀበሮውስ?" አለችኝ። "እስኪ አሳየኝ።"