ቆላ የከረሙት ባልና ሚስት እና የሰፈራችን ቅሬ



ደሴን የሚያውቅ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋቷን ያውቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያለፈች ከተማ ናት፤ ለፈጅር ውዱእ ስናደርግ እኛ ወጣቶቹ እንኳ ጣታችን ይደነዝዛል። ቁርጥማት የያዘው የሽማግሌ ጉልበትማ እንዴት እንደሚሆን አስቡት።

በመስጂዳችን የመጀመሪያው ሰፍ የማይለያቸው አንድ ጡረተኛ መምህር አሉን። ባለቤታቸውም በጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ብርዱ ሲገባ ጓዛቸውን ሸክፈው ሐረጎን ቁልቁል ይወርዱና፣ በኮምቦልቻ አልፈው ባቲ ይከርማሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሰፈሩ «ልጆቻቸው ገፏቸው» ብሎ አማ። እኛ ግን ሄደን አይተናል፤ የገፋቸው ብርዱ ብቻ ነው።

የተከራዩት አንዲት ክፍል ከነበረንዳዋ ናት። አባባ ውኃ ሳያሞቁ ውዱእ ያደርጋሉ፣ ያለ ምርኩዝ መስጂድ ይደርሳሉ። (ከመካከላችን «መንገደኛ ስለሆኑ ሶላት ያሳጥራሉ?» ያለ ነበር። ለወራት ሊቀመጥ ነይቶ የገባ ሰው ነዋሪ ነው፤ ሙሉውን ይሰግዳል።) እማማ ደግሞ የአጎበር ነገር አይሆንላቸውም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባሉት ወራት ቆላው ወባ አለበት፣ የደጋ ሰው ገላ ደግሞ አይችለውም። ገና ሳይመሽ አጎበሩን ከፍራሹ ሥር ይወትፉታል። አባባን ትንሽ ካተኮሳቸው «ብርድ ነው» ማለት የለም፤ በዚያው ቀን ደም ምርመራ ነው።

ሰኞ ገበያ ይወጣሉ። የባቲ ሰኞ አፋሩ ከነግመሉ፣ ኦሮሞውና አማራው ከነእህሉ የሚገናኝበት ነው። እማማ ይከራከራሉ፣ አባባ ዘንቢል ይዘው ይከተላሉ። ዘንቢል ይዘው ደሴ ላይ አይተናቸው አናውቅም!

የከበደው የቅሬው ጉዳይ ነው። አባባ የወራቱን መዋጮ አስቀድመው ከፍለው ነው የሚወርዱት፤ ሰው ሞተ ሲባል ግን ጀናዛ አይዘገይምና የተገኘው መኪና ላይ ይሳፈራሉ። ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ አቀበት ነው። አምና ጥር ላይ እንዲህ መጥተው ቀብረው ሲመለሱ፣ ሳምንት ሙሉ ሲያስሉ ከረሙ።

እኛም አዝነን በቅሬው ስብሰባ ላይ «አዛውንቶች በብርዱ ወራት ከቀብር ነፃ ይሁኑ» አልን። ሽማግሌዎቹ ተስማሙ። ደስ ብሎን ደወልን። አባባ ዝም ብለው ቆዩና «ስሜን ልትፍቁት ነው እንዴ?» አሉ። እማማ ስልኩን ተቀበሏቸው። «ልጆቼ፣ እሳቸው የሚያስቡት የራሳቸውን ቀን ነው። ሰው ያልቀበረ ማን ይቀብረዋል ብለው ነው» አሉን።

ሐሳባቸው ልክ ነው ብለን አናምንም። ጀናዛቸውን ለመሸከም የምንሽቀዳደመው ብዙ ነን። ግን ዕድሜውን ሙሉ አፈር ሲያለብስ ለኖረ ሰው ይህን በስልክ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ ስማቸው አልተፋቀም። ቁፋሮውንና ድንኳኑን እኛ በስማቸው እንሠራለን፤ ሰው ሲሞት የምንደውለው ግን በእማማ ስልክ ነው። ጉልበታቸውን አይተው የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ደውለናል። ሁለቱንም ጊዜ እማማ ጋቢ ደርበውላቸው፣ አብረው መጡ።