ስንቅ በፍሪዘር

እኔ የምለው፣ ወጥ እጥፍ አድርጎ ሠርቶ ግማሹን ፍሪዘር ውስጥ ማኖር የፈረንጅ ብልሃት ነው ያለን ማነው? የእኔ ዘመን ልጆች እሁድ ቁሌት ሠርተን በየዕቃው ስናሽግ ዓለምን ያዘመንን ይመስለናል። እናቶቻችን ደግሞ «የበረዶ ወጥ» እያሉ ያሽሟጥጡናል። የእኔዋ ከሁሉ ትብሳለች፤ መንዜ ናት።

መንዝ ማለት የስንቅ አገር ነው። ከደብረ ብርሃን አልፋችሁ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ስትታጠፉ ብርዱ እየጠና ይሄዳል፤ ጓሳ ስትደርሱ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ናችሁ። ሌሊት ውርጭ ይጥላል። (ፍሪጅ ሻጭ እዚያ ሱቅ ቢከፍት የሚከስር ይመስለኛል።) ሆኖም ሰዉ ምግቡን የሚያቆየው በብርዱ ሳይሆን በፀሐዩና በምጣዱ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ቆሎ ይሆናል፣ ተፈጭቶ በሶ፤ እንጀራው ደርቆ ድርቆሽ፣ ሥጋው ቋንጣ። ነገሩ ከፍሪዘሩ ጋር አንድ ነው። ሻጋታም ሆነ ባክቴሪያ ያለ ውኃ አይራባም፤ ድርቆሽ ውኃውን ያስወጣዋል፣ ፍሪዘር ደግሞ በረዶ አድርጎ ያስረዋል።

ጓሳ ላይ ሣሩ እንኳ ስንቅ ነው። እንደሚባለው አስቦና ጌራ አገሩን ካቀኑበት ዘመን ጀምሮ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አያርፍበትም። ሽማግሌዎች ሲፈቅዱ ብቻ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፤ ድርቅ ሲመጣ ለከብቱ ይከፈታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፍርሶት ነበር፤ በኋላ ነዋሪው ጥበቃውን መልሶ አቆመው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ተጠቀሙ።

ይህን ሁሉ ደርድሬ እማዬን ልረታት ሞከርኩ። «ድርቆሽ ትበዪ የለም እንዴ?» ስላት «ድርቆሽ ፀሐይ ያየው ነው» አለችኝ። ምን ይመለስላታል!

ክርክሩ ቀልድ ቢመስልም ቀልድ አይደለም። እማዬ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጉልበቷን ስለሚያማት ምድጃ ፊት ብዙ መቆም አትችልም። ትኩስ ካልሆነ አልበላም የምትል ሴት፣ ትኩስ መሥራት ሲያቅታት የምትበላው ዳቦ በሻይ ነው፤ ያውም ሳምንቱን ሙሉ።

ስለዚህ እሁድ እሄዳለሁ። ከቁሌት ጊዜ የሚፈጀው ሽንኩርቱ ነው፤ ሁለት ኪሎ ሲቁላላ የአንድ ኪሎን እጥፍ ሰዓት አይወስድም። በዘይት ብቻ እሠራዋለሁ፤ ቅቤ የሚገባው ሲሞቅ ነው። እንዲህ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ምስር ይጨመርበታል፣ ማክሰኞ ሥጋና ቅቤ፤ ሁዳዴ ሲገባ ያው ቁሌት 55ቱን ቀን ያገለግላል። ትኩሱን ከነድስቱ አትክተቱት፤ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሉት፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ። ሙሉ ፍሪዘር ካልተከፈተ ሁለት ቀን ያህል ይይዛል፣ ግማሽ የሆነው አንድ ቀን። ቀልጦ ሞቆ የዋለ ሥጋ ግን ይጣል፤ እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ይህ እጥፍ ሥራ በአብዛኛው ቤት የሚበላው የሴቷን እሁድ ነው። ከሥራ ቀናት የተረፈው ሰዓት ከእረፍቷ ቀን ላይ ይቆረጣል፣ ከዚያ «ቀለለልሽ» ትባላለች። እኛ ቤት ሽንኩርት የሚከትፈው ወንድሜ ነው፤ እያለቀሰም ቢሆን።

እማዬስ? «የበረዶ ወጥ» ማለቱን ትታለች። ባለፈው ሐሙስ ደውላ «ስንቁ ሁለት ዕቃ ነው የቀረው፤ ለእሁድ የጾሙን አብዢው» አለችኝ።